ቧንቧው አጠገባችን ነበር

20 ደቂቃ ነበር የሚፈለግብን። ቧንቧ ከፍቶ የተቃጠለውን ገላ ቀዝቃዛ ውሃ ስር መያዝ። በቃ። ቶሮንቶ ውስጥ ውሃ የጠፋበት ቤት የቱ ነው? የኦንታሪዮ ሐይቅ ያህል ባሕር ተጣርቶ ማድቤታችን ድረስ ይመጣል። እኛ ግን ኮልጌት ፍለጋ ሮጥን!

ዳንፎርዝ አካባቢ የምንኖር ሁላችንም ቤቱን እናውቀዋለን። ቡና ተፈልቷል፤ ወሬው ደርቷል። ሕፃኑ እየዳኸ መጥቶ ረከቦቱን ሲጎትት ጀበናው ይገለበጣል። ከዚያ ጩኸት! አንዷ ኮልጌት ትላለች፤ ሌላዋ የእንቁላል ነጭ፤ እትዬ እገሊት ከፍሪጅ ቅቤ ይዘው ይመጣሉ። እጅጌው ትኩሱን ቡና እንደያዘ ክንዱ ላይ አለ። ያንን ያወለቀ የለም። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ቧንቧውን የከፈተ ግን አንድም የለም።

ቡናው ቢጠረግም ሙቀቱ ሥጋው ውስጥ ሥራውን አላቆመም። ቅቤው ያፍነዋል። ሐኪሙም ቁስሉን ለማየት የቀባነውን ሁሉ መጥረግ አለበት። ከማን ገላ ላይ? ከዚያው ከሚያለቅሰው ሕፃን!

አላወቅንም እንዳንል፣ ስንቶቻችን ነን አረጋውያን ለመጦር ሥራ ስንቀጠር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰርተፊኬት ያወጣነው? ፈተናው ላይ «ውሃ» ብለን መለስን። ቤታችን ስንገባ «ቅቤ» አልን። ለቀጣሪ ያወቅነውን ለልጃችን ነፈግነው!

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት የ2,495 የተቃጠሉ ልጆችን መዝገብ ተመልክቷል። በ3 ሰዓት ውስጥ 20 ደቂቃ ውሃ የፈሰሰላቸው፣ ቆዳ የሚተከልላቸው የመሆን ዕድላቸው ከ40 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። በመድኃኒት አይደለም፤ በቧንቧ ውሃ! ሐኪም አላጣንም። ሰኒብሩክ ሆስፒታል የሮስ ቲሊ የቃጠሎ ማዕከል አለ፤ ለልጆች ሲክኪድስ አለ። ያለፈውን 20 ደቂቃ የሚመልስ ግን የትኛው ሐኪም ነው? በጋ ሲመጣ ልጁ ጠባሳውን ለመሸፈን እጅጌ ሙሉ ይለብሳል። እኛ «የእግዜር ነገር» ብለን እንለፈው? የእግዜር አልነበረም። የእኛ ነበር!

ቢያንስ ለሚቀጥለው እንድረስ። ልብሱንና አምባሩን አውልቁ፤ ከቆዳው የተጣበቀ ጨርቅ ካለ አትጎትቱት። በረዶ አታስነኩ። ውሃውን 20 ደቂቃ አፍስሱ፤ የቀረው ገላው እንዳይበርደው ደርቡለት። ቃጠሎው ሰፊ ወይም ፊት ላይ ከሆነ 911 ደውሉ። ከተቃጠለ 2 ሰዓት አልፎት ብትደርሱ እንኳ ቧንቧውን ክፈቱት፤ ውሃው እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል።