ከማጀት እስከ ቆሼ

ከአየር ጤና ወደ ጀሞ ስትጓዙ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ቆሼ ማለት ይኸው ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ የተከመረበት ይህ ተራራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶችና ሕፃናት፣ ሞቱ።

ክምሩ ከየት መጣ? ከእናንተና ከእኔ ማጀት ነዋ! ማዳበሪያ ተሸክመው ደጃችንን የሚያንኳኩት፣ በማኅበር የተደራጁ የየሰፈሩ እናቶችና ወጣቶች፣ ቆሻሻችንን እስከ ገንዳው ያደርሳሉ። እግረ መንገዳቸውንም ሃይላንዱን፣ ካርቶኑንና ቆርቆሮውን ለይተው ይሸጣሉ። ታዲያ ወጥ የፈሰሰበትን ካርቶን ማን ይገዛቸዋል? ብርጭቆ ስብርባሪ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ቀላቅለን ስንሰጣቸውማ እጃቸው ይቆረጣል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አፍሬ ነው የምጽፈው።

እርጥቡ ከክምሩ ሥር ሲበሰብስ ሜቴን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ ከበር ኋላ ሁለት ማዳበሪያ አስቀምጡ፤ አንዱ ለእርጥቡ፣ አንዱ ለደረቁ። ጓሮ ያላችሁ፣ ልጣጩንና የቡናውን አተላ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በአፈር ሸፍኑት፤ ለጎመኑ መልካም አፈር ይወጣዋል። የብርጭቆውን ስብርባሪ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ «ብርጭቆ ነው» ብላችሁ ለብቻው ስጧቸው። አንብባችሁ ከጨረሳችሁ ይኸው ጋዜጣ ለዚያ ይበቃል።