ልጃችሁ ባሕር ማዶ ሊማር ነው?

ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ቤተሰብ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ጠባዩ ይመክረዋል። ስለ ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነጋገርም። ሁሉም «አሜሪካ ነው ያለው» ብሎ በየልቡ ያሰላል። በእኔና በቤተሰቤ መካከል የሆነውን የምጽፈው ዘንድሮ ልጆቻቸውን ለሚሸኙ ወላጆች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በሶፍትዌር ምህንድስና አዲስ አበባ፣ 5 ኪሎ ተማርኩ። ለሁለተኛው ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ለማጥናት ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የተከራየሁት ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈቱት፣ ግድግዳቸው ላይ ባለ ቀለም ሰሌዳ ያለባቸው ረጃጅም ፎቆች ከሩቅ ይታያሉ። ብዙ የሶማሌ ቤተሰቦች ይኖሩበታል፤ ከኢትዮጵያ የመጣነውም ጥቂት አይደለንም። አሳንሰር ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ መስማት የተለመደ ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሉ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ስለሆነ በየቀኑ በዋሽንግተን አቬኑ ድልድይ እሻገራለሁ። ድልድዩ ሁለት ደርብ ነው፤ ከታች መኪናና ባቡር፣ ከላይ እግረኛ ይሄድበታል። ላይኛው ደርብ መሐል ላይ ግድግዳና ጣሪያ ያለው መተላለፊያ አለ። ጥቅሙ የሚገባችሁ በጥር ነፋስ ነው።

በሳይንስና በምህንድስና ዘርፍ ብዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በረዳትነት እየሠራ ይማራል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት መምህሩን በምርምር ያግዛል፣ ወይም የታችኛውን ክፍል ተማሪዎች ያስጠናል፣ ፈተና ያርማል። በምላሹ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ አበልም ያገኛል። አበሉ ግን ለአንድ ሰው ኑሮ ብቻ የታሰበ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ በትምህርት ወቅት ግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። ከግቢ ውጭም ያለ ፈቃድ መቀጠር ክልክል ነው።

ቤተሰቤ ይህን ከየት ይወቅ? ሰው ሁሉ የሰማው «ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች» የሚለውን ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ሁለት ነገር ባንድ ላይ መጣ። አባዬ ዓይኑን ሞራ ጋረደውና ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተባለ። የታናሽ ወንድሜ የግል ኮሌጅ ክፍያም ደረሰ። ዘመዱ ሁሉ «እሷ እያለች ምን ሐሳብ አላችሁ» ይላል።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ጭንቀቴን አይተው የማታ ሥራ እንዳለ ነገሩኝ። ክፍያው በእጅ ነው። «ማን ያይሻል ልጄ?» አሉኝ። በቅንነት ነው ያሉት፤ እሳቸውም አገር ቤት የሚጦሩት አላቸው። አመስግኜ እንቢ አልኩ። ቪዛዬ ቢበላሽ ዲግሪውም፣ ነገ የሚመጣው ደመወዝም አብሮ ይቀራል።

ከዚያ ገቢና ወጪዬን በሰንጠረዥ ጻፍኩ፤ አበል፣ ኪራይ፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ ቀሪ። አንድ ቅዳሜ፣ እኔ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ እነሱ ጋ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ደወልኩ። ሁሉም እየሰሙ መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። ጸጥ አሉ። መጀመሪያ የተናገረችው እማዬ ናት፦ «ታዲያ አንቺ ምን ትበያለሽ?»

አባዬ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ፦ «ስንት ወር ቀረሽ?»

«አሥራ ስድስት።»

«እንግዲያ ጨርሺ። ዓይኔ ይጠብቃል።»

ወንድሜ ወደ ማታው ክፍለ ጊዜ ተዛውሮ ቀን ቀን ሥራ ጀመረ። እኔ ከአበሌ የተረፈችኝን በየወሩ ለእሱ ክፍያ ላክሁ። እማዬ ጋዜጣውን ለአባዬ ታነብለት ነበር፤ ደረጃ ሲወርድም ክንዱን ትይዘዋለች። እኔ የመመረቂያ ጥናቴን ስጽፍ አንድ ሰው ዓይኑን ይዞ እየጠበቀኝ እንደሆነ አንድም ቀን አልረሳሁም። ያ ብርታትም ነበር፣ ሸክምም ነበር።

ከተመረቅሁ በኋላ ሕጉ ለሳይንስና ለምህንድስና ተመራቂ 12 ወር፣ ሲያራዝም ደግሞ ተጨማሪ 24 ወር እንዲሠራ ይፈቅዳል። በዚያ ፈቃድ ተቀጠርኩ። ከመጀመሪያዎቹ ደመወዞቼ አባዬ ታከመ። ዛሬ ጋዜጣውን ራሱ ያነባል። የጠበቀው ጊዜ ግን አይመለስም፤ ልክ ነበርን ወይ ብዬ አሁንም አንዳንዴ እጠይቃለሁ። ያም ሆኖ፣ ያን ቀን አውቀን መወሰናችን ሳናውቅ ከመቀያየም አድኖናል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከመሸኘታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ክፍያውን የሚሸፍነው ማን ነው? ለስንት ሴሚስተር? ከኪራይ በኋላ በእጅ የሚቀረው ስንት ነው? ተማሪዎችም መልሱን ለአባትና ለእናት ብቻ ሳይሆን ለታናናሾቻችሁም ንገሩ። የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀውን ጊዜ ሲያውቅ ይችላል።