ጓያና አራተኛው እጅ

በተቋማችን ከሚሰጡት የሳይንስ ምዕራፎች መካከል የአሚኖ አሲድን ያህል የሚጠላ የለም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ምዕራፉ ሲጀመር ሰልጣኙ ደብተሩን ይገልጥና በመሐል ካርቦን፣ በግራ የናይትሮጅን ቡድን፣ በቀኝ የአሲድ ቡድን፣ ከላይ ሃይድሮጅን፣ ከታች ደግሞ «አር» የምትባል አንዲት የፈረንጅ ፊደል ይስላል። ከዚያ የሃያዎቹን ስም ይሸመድዳል። ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ብትጠይቁት ግሊሲንና ላይሲን የመንታ ልጆች ስም ይመስሉታል። አልፈርድበትም፤ ነገሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲታይ ደረቅ ነው። እኔ ግን ለግድግዳ ጋዜጣችን ይህችን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሳሁት ያቺ «አር» የተባለች ፊደል በዘመዴ እግር ላይ ያደረገችውን በዓይኔ ስላየሁ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ትንሽ ኬሚስትሪ መታገሥ ይኖርባችኋል።

ካርቦን አራት እጅ አለው እንበል። በአሚኖ አሲዶች ዘንድ ሦስቱ እጆች የሚይዙት ነገር ያው ነው፦ አንዱ አሚኖ የተባለውን የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ቡድን፣ አንዱ ካርቦክሲል የተባለውን አሲድ፣ አንዱ ደግሞ ተራ ሃይድሮጅን ይይዛል። ልዩነቱ ሁሉ ያለው በአራተኛው እጅ ላይ ነው። «አር» ማለት ይኸው ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለበትም። ግሊሲን በአራተኛው እጁም ሃይድሮጅን ብቻ ስለሚይዝ ከሁሉ ያንሳል። አላኒን አንድ ካርቦን ከነሦስት ሃይድሮጅኑ ይይዛል። ትሪፕቶፋን ሁለት የተጋጠሙ ቀለበቶች ተሸክሟል። አመለኛው ፕሮሊን ነው፤ አራተኛ እጁን ወደ ኋላ መልሶ ከገዛ ናይትሮጅኑ ጋር ያስረዋል፤ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚጥለውም እሱ ነው።

መጻሕፍት አሚኖ አሲዶችን የሚመድቡት በዚሁ በአራተኛው እጅ ጠባይ ነው። ውሃ የሚሸሹ አሉ፤ ውሃ የሚወዱ አሉ። በእጃቸው ጫፍ ተጨማሪ አሲድ የያዙ አሉ፤ እነሱም አስፓርቲክ አሲድና ግሉታሚክ አሲድ ናቸው። ተጨማሪ ቤዝ የያዙት ደግሞ ላይሲን፣ አርጂኒንና ሂስቲዲን ናቸው። ድኝ የያዙ ሁለት ብቻ አሉ፦ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን። እነዚህን ሁለቱንና ግሉታሚክ አሲድን አደራ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን። ጠጉር እሳት ሲነካው የሚከረፋው በሲስቴይን ውስጥ ባለው ድኝ የተነሳ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ በቆዳ ፋብሪካው አጠገብ ስታልፉም ይህ ምደባ ትዝ ይበላችሁ፤ ቆዳ በክሮም ጨው ሲለፋ ክሮሙ የሚጣበቀው በአስፓርቲክና በግሉታሚክ አሲድ እጅ ጫፍ ላይ ያለውን አሲድ ይዞ ነው። ምደባ ለፈተና ብቻ የተፈጠረ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ሌላው ጠባያቸው አሲድንም ቤዝንም ባንድ ገላ መሸከማቸው ነው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የአሲዱ ወገን ፕሮቶን ይለቅቃል፣ የአሚኖው ወገን ይቀበላል፤ ሞለኪዩሉ በአንድ ጎኑ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ጎኑ ኔጋቲቭ ሆኖ ይቀመጣል። አብዛኞቹ በውሃ የሚሟሙት ስለዚህ ነው። ወተት ሲረጋም የምናየው ይህንኑ የክፍያ ሚዛን ነው። ወተቱ እየኮመጠጠ ሄዶ ፒኤቹ 4.6 አካባቢ ሲደርስ ካዜን የተባለው የወተት ፕሮቲን ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ይተካከልበታል፤ ያን ጊዜ እርስ በርሱ መገፋፋቱን ያቆምና ይሰባሰባል። እርጎ ሆነ ማለት ነው። ተማሪ ፊት ይህን ለማሳየት ላቦራቶሪ አያሻም፤ ወተትና ሎሚ ካለ ይበቃል።

ሰውነታችን ከሃያዎቹ ዘጠኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። እህል፣ ማለትም ስንዴው፣ ገብሱ፣ ማሽላው፣ ላይሲን ያንሰዋል። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶለት ድኝ ያላቸው ሁለቱ ያንሱታል። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው።

ብዙ መምህር እዚህ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጣል፤ የመጽሐፉም ምዕራፍ እዚሁ ያልቃል። በተፈጥሮ ያሉት አሚኖ አሲዶች ግን እነዚህ ሃያዎቹ ብቻ አይደሉም። ዕፅዋት ለፕሮቲን መሥሪያ የማይሆኑ ሌሎች በመቶ የሚቆጠሩ ይሠራሉ። ከነዚህ አንዱ ጓያ ውስጥ አለ።

ጓያን የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዋልካ መሬት ላይ ትዘራለች። ውሃ ቢተኛባት ትችላለች፤ ዝናብ ቢቆምባትም አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ታፈራለች። ገብሱ ሲከዳ፣ ስንዴውን ዋግ ሲመታው፣ ምስሩ ሲደርቅ እሷ ቆማ ትገኛለች። ዋጋዋም ርካሽ ነው። ድሃ የሚወዳት ወዶ አይደለም።

የእናቴ ወንድም የደላንታ ገበሬ ነው። ዛሬ ደላንታ ሲባል ሰው የሚያነሳው በ2000 ዓ.ም. ገደማ የታወቀውን የኦፓል ድንጋይ ነው፤ እኔ የምለው ከዚያ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው። በ1988 ዓ.ም. ቤት ውስጥ ከጓያ በቀር የሚላስ የሚቀመስ ጠፋ። ጠዋት የጓያ ቆሎ፣ ቀን የጓያ ንፍሮ፣ ማታ የጓያ ቂጣ። ሦስት ወር ያህል እንደዚህ ሄደ። በሰኔ አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ደርሶ ሲመለስ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ሕመም የለ፣ ትኩሳት የለ። ባቱ እንደ ጅማት ተወጠረ፤ ሲራመድ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። አእምሮው ግን ደህና፣ አንደበቱ ደህና፣ እጁም ደህና ነው። ብርድ ነው ተብሎ በቅቤ ታሸ፤ ጠበልም ተወሰደ። አያቴ የጓያ ጭድ ላይ ተኝቶ ነው አለች። ጎረቤቱ ደግሞ የለም፣ ንፍሮው ሲቀቀል እንፋሎቱ መትቶት ነው አለ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ጓያን ጠርጥረዋል። ያልጠረጠሩት መብሏን ነው። ምን ያድርጉ? እሷንም ቢጠረጥሩ ሌላ የሚበላ አልነበረም።

ነገሩ የእሱ ብቻ አልነበረም። ያኔ ደላንታና ዳውንት አንድ ወረዳ ነበሩ፤ በዚያ ወረዳ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 2,000 ሰው በጓያ እግሩን አጣ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን አጥንተው በ1991 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። ከነሱም በፊት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በሌሎች የአገራችን ክፍሎች በሽታውን አጥንተውት ነበር። አውሮፓም ቢሆን አልቀረለትም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1942፣ ቫፕኒያርካ በተባለ የእስረኞች ሠፈር ጓያ የተቀለቡ ሰዎች እንደዚሁ ሽባ ሆነዋል።

ሐኪሞች የጓያ ሕሙማንን በአራት ይመድቧቸዋል፦ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ፣ በመቀመጫው የሚድህ። አጎቴ በሁለት ዱላ ነው። እኔ የአሚኖ አሲድን አመዳደብ ሳስተምር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ ይህንንም ምደባ አጠገቡ እጽፈዋለሁ። ክፍሉ ዝም ይላል። ቀጥሎ የማሳየው አንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያደርስ ነው።

ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ኦዳፕ ይባላል። ህንድ አገር የሚገኙ ኬሚስቶች ከፍሬው ለይተው ያወጡት በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ብትስሉት እንደ ማንኛውም አሚኖ አሲድ ነው፦ ካርቦን በመሐል፣ አሚኖ፣ ካርቦክሲል፣ ሃይድሮጅን። አራተኛው እጅ ዘርጋ ይልና ጫፉ ላይ አሲድ ይይዛል። አሁን ያን አስታውሱልኝ ያልኳችሁን ግሉታሚክ አሲድ አጠገቡ ሳሉት። የእጃቸው ርዝመት ይቀራረባል፤ የሁለቱም ጫፍ አሲድ ነው። ግሉታሚክ አሲድ ደግሞ ፕሮቲን መሥሪያ ብቻ ሳይሆን በአንጎላችንና በሕብለ ሰረሰራችን ውስጥ ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት የሚያደርስ ነው። ነርቩ እሱን የሚቀበልበት በር አለው። ኦዳፕ በዚያ በር የሚመጣው የጎረቤት ጋቢ ተከናንቦ ማታ በር እንደሚያንኳኳ ሌባ ነው። በሩ ይከፈትለታል። ነርቩ ያለ እረፍት ይነሳሳል፣ ይደክማል፣ በመጨረሻም ይሞታል። የሚጎዱት በተለይ እግርን የሚያዙት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። የሞተ ነርቭ ስለማይተካ እስከ ዛሬ መድኃኒት አልተገኘለትም። በሽታው ሕይወትን አያሳጥርም ይባላል፤ ገበሬ በሁለት ዱላ ሞፈር እንዴት እንደሚይዝ ግን አብረው አይነግሩንም።

አንድ ቀን ሁለት ቀን ጓያ የበላ ሰው አይያዝም። የሚያዘው የምግቡ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ብቻ ሆኖ ለሁለት ለሦስት ወር የቀጠለበት ነው። ወጣት ወንዶችም ይበዙበታል።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። አሚኖ አሲድ በውሃ ይሟሟል ብለን አልነበር? ኦዳፕም ይሟሟል። ጓያን አሳድሮ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ወይም በብዙ ውሃ ቀቅሎ ያንን ውሃ መድፋት፣ መርዙን በእጅጉ ይቀንሳል። ማቡካትና ማኩፋትም ይቀንሰዋል። ኃይለየሱስና ባልደረቦቻቸው በ1996 ዓ.ም. ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነው፦ ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት የበሉ ሰዎች በብዛት ሲያዙ፣ ከእህል ጋር ደባልቀው የበሉና ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል በገባበት ወጥ የበሉ ግን አደጋው ቀንሶላቸዋል። ለምን? እህል ውስጥ ጓያ ያጣችው ሜቲዮኒን አለ። ሜቲዮኒን በሰውነት ውስጥ ወደ ሲስቴይን ይለወጣል፤ ሴሎቻችን ራሳቸውን ከጉዳት የሚከላከሉበት ግሉታታይዮን የሚባለው ነገር የሚሠራው ከሲስቴይን ነው። ስለዚህ ከአሚኖ አሲድ የመጣውን ጉዳት የሚያግደውም ሌላ አሚኖ አሲድ ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። የሚደባልቅበት እህል ያለው ሰው ጓያን ብቻውን ለወራት አይበላም። የሚደፋው ውሃ ያለው፣ አሳድሮ የሚቀቅልበት ማገዶ ያለው ሰው ደላንታ ውስጥ በዚያ ዓመት ስንት ነበር? በችግር ጊዜ ለተራበ ወረዳ ቶሎ የሚደርስ እህል ሆድ ከመሙላት ሌላ እግርም ያድናል፤ የ1996ቱ ጥናት ስለ እርዳታ እህል የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጓያ ጨርሶ ትከልከል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ አልስማማም። በድርቅ ዓመት የምትተካት ሰብል ሳይሰጡ እሷን መከልከል ገበሬውን ባዶ እጅ ማስቀረት ነው። ከሷ ይልቅ መርዟ ያነሰ ዝርያ ይሻላል፤ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እንዲህ ያለ ዝርያ አውጥቷል። ዝርያው ራሱ ግን በአፈሩና በድርቁ መጠን መርዙን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ጓዳ ውስጥ የምናውቀውን ጥንቃቄ አያስቀርም።

ከእናንተ መካከል በሐምሌ ተመርቃችሁ ወደ ደላንታ፣ ወደ ዳውንት ወይም ሌላ ዋልካ ወዳለበት ቀበሌ የምትመደቡ ትኖራላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ተማሪዎቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከማሳ የጓያ እሸት እየፈለፈሉ ሲበሉ ታያላችሁ። ሁለት ፍሬ የቀመሰን ልጅ አታስደንግጡ። በቤቱ ሌላ ምን እንደሚበላ ግን ጠይቁት። ሌላ የለም ካላችሁ ወሬው ለጤና ኬላው መድረስ አለበት፤ ለግብርና ባለሙያውም እንዲሁ።

ጓያን ከሽምብራና ከአተር መለየት ለሚያስቸግረው ሰው ከሰኞ ገበያ ገዝቼ ያመጣሁትን በሦስት ብርጭቆ ለይቼ በሳይንስ ክፍሉ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሽምብራዋ አፍንጫ አላት፤ አተሩ ድቡልቡል ነው። ጓያዋ ጠርዝ ጠርዝ ያላት፣ በአንድ ወገን ሰፋ በሌላው ጠበብ ያለች፣ እንደ ትንሽ መጥረቢያ ያለች ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍሉ ክፍት ነው፤ መጥታችሁ በእጃችሁ ዳስሷት።