አዲሱ ሲመጣ ለአሮጌው በር ተዉለት

የጌዴኦ ገበሬ ቡና ልትከል ብሎ እንሰቱን ነቅሎ አይጥልም። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ቡናውም በጥላው ተከባብረው ይኖራሉ። ዩኔስኮ ይህን መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የኮምፒውተር ሰዎችስ ከዚህ ማሳ ትንሽ ቢማሩ ምን ነበረበት?

ነገሩ ወዲህ ነው። ዲላ ውስጥ ጽሑፍ የምትተይብ አንዲት ልጅ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር አላት። «ምነው ይኼን አልጥል አልሽ?» ብላት፣ «ጋሼ፣ የሰው ጽሑፍ እኮ እሱ ላይ ነው ያለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከየገጠሩ ሰብስበው ያስተየቡት ተረት እዚያ አለ፤ ከተራኪዎቹ አዛውንት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። ቦታው 256 ብቻ፤ የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231፤ ዲቃላውና አኃዙ ሲጨመርማ ጭራሽ አይበቃም። እናም ፎንት ሠሪው ሁሉ በየራሱ መላ ደለደለው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠ። እሰየው! የድሮው ጽሑፍ ግን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ነው። የመተየቢያ ፕሮግራሙም አዲሱ ማሽን ላይ አልጫን ብሏታል።

ፕሮግራም የሚሠራባቸው መሣሪያዎችም ያው ናቸው። ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ስቱዲዮ 2012ን ሲያወጣ፣ አዲሱ የሲ ፕላስ ፕላስ መሣሪያ ኤክስፒ ላይ የሚሄድ ፕሮግራም ማውጣት አይችልም ነበር። ባለሙያዎች አጉረመረሙ፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ በመጀመሪያው ማሻሻያ መለሰላቸው። ለኤክስፒ ራሱ ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው። ሲፈልጉ ይቻላል ማለት ነው።

በእርግጥ አሮጌውን መሸከም ዋጋ ያስከፍላል። አንዱን ሥራ ሁለት ቦታ መፈተሽ ይጠይቃል፤ የደኅንነት ጥገና የማያገኝ ኮምፒውተርም ኢንተርኔት ላይ ቢወጣ አደጋ ነው። ለዘላለም ተሸከሙት የሚል የለም። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ግን ባለቤቱ ዕቃውን እስኪያወጣ ይጠበቃል።

የድሮውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጡ ፕሮግራሞች ተሠርተዋል። ችግሩ፣ ድልድሉ የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ ፎንት የተሠራው ለሌላው አይሆንም። ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆቻችን ለመመረቂያ ሥራቸው የየአካባቢያቸውን ጽሕፈት ቤቶች ቢዞሩ፣ ያልተነካ ፎንት አያጡም። ተረቱ ለሁለተኛ ጊዜ ከሚሞት፣ አንድ መመረቂያ ሥራ ለዚህ ቢውል ምን አለበት?