ስሙ አንድ፣ ቁጥሩ ሌላ

ጄኔራል ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም ሆነ ሌላ ቦታ የሰርቨር ሙያ ለምትማሩ፦ ሲስተሙ ወደ አዲስ ሰርቨር ከተዛወረ በኋላ ተጠቃሚው «የገዛ ፋይሌ አልከፈት አለኝ» ካለ፣ የይለፍ ቃሉን ከመቀየራችሁ በፊት የተጠቃሚ ቁጥሩን እዩ። ዩኒክስም ሊኑክስም የፋይልን ባለቤት የሚመዘግቡት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ እስከ 6ኛው ዕትም ተራ ተጠቃሚን ከ500 ጀምሮ ይቆጥር ነበር፤ ከ7ኛው ወዲህ ግን ከ1000 ይጀምራል። ስለዚህ አካውንቱን በስሙ ብቻ እንደገና መክፈት ባለቤቱን ለራሱ ሰነድ ባዕድ ያደርገዋል።

«ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶ መገላገል ነው» የሚሉ አሉ። ሥራው ለጊዜው ይቀጥል ይሆናል፤ ግን የአንዱ ሰነድ ለሁሉም ክፍት ይሆናል፣ ኤስኤስኤችም የቁልፍ ፋይሉን ሌላ ሰው ሊጽፍበት እንደሚችል ሲያይ በቁልፍ መግባትን ይከለክላል። የሚሻለው የድሮውን ቁጥር አስቀድሞ መዝግቦ አካውንቱን በዚያው መክፈት ነው። ፈቃድ ከመበተናችሁ በፊት ቁጥር አመሳክሩ።