ስምንት ቀን ቤሩት

አንዲት የድሮ ተማሪዬ በመጪው መስከረም ቤሩት ልትሄድ ነው። ለሥራ አይደለም፤ ለዕረፍት። ባሕሩ ፊት ለፊት የሚታይበት ሆቴል፣ ሰፊ አልጋ፣ ክፍሏ ድረስ የሚመጣ ቁርስ፣ ስምንት ቀን ሙሉ። ዕቅዱን የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሜዲትራኒያንን በካርታ እንጂ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ የደብረ ታቦር ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር። «ቲቸር፣ ካርታ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያውጡልኝ» አለችኝ። እንድጽፈው ፈቅዳለች፤ ስሟን እንዳልጠራ ብቻ ነው ያስጠነቀቀችኝ።

በ90ዎቹ መጨረሻ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። ጠዋት ስም ስጠራ አንዲት ልጅ ከቀረች መልሱ ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ «ተዳረች»፣ ወይ «ዓረብ አገር ሄደች»። እሷ በ1999 ዓ.ም. ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ሄደች። መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሊባኖስ መሄድን የከለከለው በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ክልከላው መንገዱን አረዘመው እንጂ ልጆቹን አላስቀራቸውም።

ቤሩት ኤርፖርት ስትደርስ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጧት፤ ማዳሟ መጥታ ፈርማ እስክትረከባት ድረስ። ፓስፖርቷንም የወሰደችው ማዳሟ ናት። ከፋላ የሚሉት አሠራር እንዲህ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው፣ ከቤቱ ከወጣሽ ሕገ ወጥ ነሽ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛን አያውቃትም። ልጅቷ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ስድስት ዓመት ሠራች፣ በወር በ150 ዶላር። ቤቱ ባሕር ዳር ነው። «ስድስት ዓመት መስታወቱን ወለወልኩት እንጂ በመስታወቱ አላየሁም» ትላለች። አንድ ጊዜ ልጆቹን እንድትጠብቅ ወደ አንድ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ወስደዋት ነበር። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ገንዳው ዳር ተቀምጣ ዋለች። ውሃው ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ ለእሷ ዓይነቱ ማለት ነው።

ዛሬ የምትኖረው ካልጋሪ ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ዜግነትም አግኝታለች። የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሊባኖስን ቪዛ የሚያገኘው እዚያው ኤርፖርት ደርሶ ነው። ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

እናቷ ግን አልተዋጠላቸውም። ከፋርጣ ገጠር ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ቤቴ መጡ። «መምህር፣ እባክዎ ይምከሩልኝ። የተሠቃየችበትን አገር በገንዘቧ ልትጎበኝ ነው እንዴ? ለመኝታ የምታወጣው እኮ እዚህ ቤት ይሠራል!» ሒሳቡን ሠርቼ አሳየኋቸው፤ ቤት አይሠራም፣ ቆርቆሮውንና ምስማሩን ግን ይችላል። አልሳቁም።

እኒህን እናት ልሞግታቸው አልችልም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላናችን፣ በረራ ቁጥር 409፣ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ባሕር ገባ። 90 ሰው ነበረበት፤ አንድም አልተረፈም። እናትየው ወሬውን በሬዲዮ ሰምተው፣ ልጃቸው ትመጣለች ተብሎ ባይጠበቅም፣ ያኔውኑ በእግራቸው ደብረ ታቦር ወጡ። በእኔ ስልክ ደወልን፤ አይነሣም። በማግሥቱም አይነሣም። ማዳሟ ስልክ አታስነሣትም ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች፤ በረንዳው ላይ ቆማ ባሕሩ ላይ የሚፈልጉትን መርከቦች እያየች። እናትየው ድምጿን ሰምተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ስልኩን መለሱልኝ። ስለዚህ እሳቸው ያንን ባሕር ቢጠሉት እኔ ምን እላለሁ?

ቢሆንም ከልጅቷ ጎን ቆሜያለሁ። ቆርቆሮ ይደርሳል። ለወንድሞቿ ትምህርት ከፍላለች፣ በሬ ገዝታለች፣ ሠርግ ደግሳለች። ለራሷ ብላ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው። ደግሞስ «ጦርነት ያለበት አገር» የሚሏት እነማን ናቸው? እኛ! ከ2015 ክረምት ወዲህ የወረታ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት የምንውል ሰዎች። እርግጥ ነው፣ ተኩስ ቆሟል የተባለው ኅዳር 18 ቀን 2017 ነው፤ ደቡቡ ግን ዛሬም አላረፈም። የካናዳ መንግሥት የሚያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ በየሳምንቱ እንድታይ ነግሬያታለሁ። ማስጠንቀቂያ ባለበት አገር የጉዞ መድን ብዙ ጊዜ አይከፍልምና ውሉን ከነጥቃቅኑ እንድታነብ፣ ጢሮስንና ሲዶናን ደግሞ ለሌላ ጊዜ እንድትተዋቸው መክሬያታለሁ።

አገሪቱ ትንሽ ናት፤ 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር። የእኛ ደቡብ ጎንደር ዞን ብቻውን ከ14,000 በላይ ነው። ስለዚህ ሆቴል መቀያየር አያስፈልግም፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። መስከረም ላይ ባሕሩ የበጋቸውን ሙቀት እንደያዘ ነው። ገንዘቡን በዶላር፣ በጥሬው ትያዝ ብያለሁ። እሷ እያለች አንድ ዶላር 1,500 ሊራ አካባቢ ነበር፤ አሁን ወደ 89,500 ነው። (ብራችን ወደቀ ብለን ስናማርር ይህንን እናስታውስ።) ሊራው ሲወድቅ መጀመሪያ ሜዳ ላይ የወደቁት የእኛ ልጆች ናቸው፤ በ2012 ዓ.ም. አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ እየጣሏቸው ሄዱ። ሐምሌ 28 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምንም አላቀድኩም። ትተኛ። «አልጋዬን የምታነጥፈው የኛ ልጅ ብትሆንስ? እኔው አነጥፈዋለሁ» አለችኝ። አይሆንም፤ ሥራዋን አትንጠቂያት፣ ስሟን ጠይቂያት፣ ዶላሩን ትራሱ ላይ ተዪላት አልኳት። ከዚያ ጁቤይል፣ የድሮዋ ቢብሎስ። ከዚያ ብሻሪ፣ ዝግባዎቹ ያሉበት ተራራ። (የመጽሐፍ ቅዱሱ የሊባኖስ ዝግባና በየቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ያለው ዝግባ ስም ይጋራሉ እንጂ አንድ ዛፍ አይደሉም። ጡረታ ብወጣም ይህን ሳልናገር አላልፍም።)

ዝግባውን ለእናትየው ሳነሣባቸው አንድ ነገር ገባኝ። ለእሳቸው ሊባኖስና ቤሩት ሁለት አገር ናቸው። ሊባኖስ በመዝሙር የሚሰሙት፣ ታቦርና አርሞንዔም ያሉበት ሰፈር ነው፤ ቤሩት ልጅ የሚበላ ከተማ። አንድ ናቸው ስላቸው አላመኑኝም። ካርታ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ጣታቸውን እስከ ታቦር ተራራ ጎተቱት። «እንግዲያ እንደዚህ ቅዱስ አገር ከሆነ ለምን እንዲያ አደረጓት?» አሉኝ። ካርታው ላይ መልስ የለም። ከጁኒዬ በላይ ሐሪሳ የሚባል ተራራ ላይ ትልቅ የእመቤታችን ሐውልት እንዳለ፣ በገመድ መኪና እንደሚወጣ፣ የኛ ልጆችም እንደሚሳለሙት ስነግራቸው «ሻማ ታብራልኝ» አሉ። ስለ ገንዘቡ ያሉትን ግን አላነሡትም።

የከበደኝ እሑድ ነው። አብራት የሄደች የእስቴ ልጅ እስከ ዛሬ እዚያው አለች፤ እሑድ እሑድ ዕረፍት አላት። ተማሪዬ የምትፈልገው በዚያች ቀን ጓደኛዋን በእንግድነት ጠርታ አብረው ገንዳ ውስጥ መግባት ነው። ቀላል ይመስላል። በ2004 ዓ.ም. የመብት ተሟጋቾች እንዲህ ያለውን መድልዎ በቪዲዮ ካጋለጡ በኋላ የሊባኖስ መንግሥት ማንም እንዳይከለከል መመሪያ አውጥቷል፤ ክልከላው ግን ከዚያም በኋላ እንዳልጠፋ ደጋግመው ጽፈዋል። ገንዳ ዳር ደግሞ ፓስፖርት ግንባር ላይ አይለጠፍም። ለሦስት ሆቴሎች ጻፈች። ሦስቱም «እንግዳ ከፍሎ ይገባል» ብለው መለሱ። እንግዳዬ ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ናት ብላ በድጋሚ ስትጽፍ አንዱ ዝም አለ፣ አንዱ «እናጣራለን» አለ፣ ሦስተኛው «ስሟን ላኩልን፣ በእንግድነት እንመዘግባታለን» አለ። ሦስተኛው በኮከብ ከሁሉም ያንሳል፤ ባሕሩም የሚታየው በጎን ነው።

«እሱን ያዙልኝ ቲቸር» አለችኝ።

ይዘናል። ቤሩት ያላችሁ ወይም የነበራችሁ ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር በውስጥ መስመር ንገሩኝ፦ የጓደኛዋ ማዳም እሑድ ወጥታ ማታ አምስት ሰዓት ድረስ እንድትቆይ እንድትፈቅድላት ምን ብላ ብትጠይቃት ይሻላል? እስካሁን የምታስመሻት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ እራት ደግሞ የታዘዘው ለሁለት ሰው ነው።