በጣት የሚቆጠሩ



በዚህ ዘመን «ዲጂታል» የሚለውን ቃል ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም። ባንኩ ዲጂታል፣ መታወቂያው ዲጂታል፤ አሥራት እንኳ በስልክ ይገባል። ባለፈው ወር በወጣቶች ኅብረት አንድ ልጅ «ፓስተር፣ ዲጂት ግን ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። «ቁጥር ነዋ» ብለን ልናልፈው ነበር። ኮሌጅ ሳለን የቀመስናት ጥቂት ላቲን ስላልጠፋችን «ጣት ማለት ነው» አልነው። ልጆቹ ሳቁብን።

ነገሩ ግን እውነት ነው። «ዲጊቱስ» በላቲን ጣት ነው፤ የእጅም የእግርም። ሰው በጣቱ ስለሚቆጥር ከ10 በታች ያሉት ቁጥሮች በዚሁ ስም ተጠሩ። በመካከለኛው ዘመን የሒሳብ መምህራን አሥሮቹን ማለትም 10፣ 20፣ 30 እያሉ የሚሄዱትን «አርቲኩሊ» ብለዋቸዋል፤ አንጓዎች ማለት ነው። እኛ «አኃዝ» ስንል ጣት አይታሰበንም፤ በጆሮአችን የሚደውለው የግዕዙ «አኀዘ» ነው፤ ያዘ፣ ጨበጠ። ለመጨበጥም ቢሆን ያው ጣት ያስፈልጋል።

ሮማውያን ጣታቸውን እያጠፉና እየዘረጉ እስከ ሺዎች ይቆጥሩ ነበር። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በ725 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለዚህ ሰጥቶታል። እስከ 99 ያለው በግራ እጅ ነው፤ 100 ሲሞላ ወደ ቀኝ እጅ ይሻገራል። ሄሮኒሙስ የሠላሳ፣ የስድሳና የመቶ ፍሬውን ምሳሌ በዚህ የጣት አያያዝ ተርጉሞታል፤ ሠላሳው ተገናኝተው የሚሳሳሙ ሁለት ጣቶች ናቸውና ጋብቻ ነው እያለ። ይህ ትርጓሜ እኛን አያሳምነንም። የጠፋችውን በግ በዚሁ መንገድ የተረጎሙም ነበሩ፤ 99ኙ በግራ እጅ ናቸው፣ አንዷ ስትገኝ ቁጥሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ይሻገራል። እነዚያ ሰዎች ትምህርታቸው ከወንጌል የራቀ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለቻቸውም፤ እኛም ከመድረክ አንሰብከውም። ከልባችን ግን አልወጣ ብሏል። ምክንያት አለን።

የአምናውን ሪፖርት ያዘጋጀነው እኛ ነን። አስተናጋጆቻችን በየእሑዱ በረድፍ እየቆጠሩ በወረቀት ይሰጡናል። ከ380 ወደ 412 አድገን ነበር። ሽማግሌዎቹ «ሃሌ ሉያ» አሉ፤ እኛም ደስ አለን፣ ለምን እንዋሻለን።

በሳምንቱ እማማ የምንላቸው አንዲት እናት በር ላይ ያዙን። ማንበብ አይችሉም። የሚጸልዩላቸውን ሰዎች በጣታቸው አንጓ ነው የሚይዙት፤ አውራ ጣታቸው በአራቱ ጣቶች ላይ ሲሄድ አሥራ ሁለት ሰው ይሆናል። ትንሿን ጣታቸውን አሳዩን።

«ይኼ አንጓ ያ በስተኋላ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ሦስት ወሩ ካየሁት። የት ገባ፣ ፓስተር?»

ስሙን እንኳ ለማስታወስ ተቸገርን። ቁጥራችን አድጎ ስለነበር የጎደለ ሰው አልታየንም።

ያን ሌሊት ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5ን ከፍተን አነበብን። ስለ ብልጣሶር ስንቴ ሰብከንበታል! የሰው እጅ ጣቶች ወጥተው በግድግዳው ላይ ጻፉ፤ የጻፉትም የመጀመሪያ ቃል፣ በአራማይክ ሁለት ጊዜ የተደገመው፣ የመቁጠር ቃል ነው። ጣትና ቁጥር በአንድ ግድግዳ ላይ። ሁልጊዜ ስለ ንጉሡ ስናስተምረው ኖረን፣ ያን ሌሊት ያ ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ 412 የሚለው።

ማክሰኞ አድራሻውን አፈላልገን ሄድን። ልጁ በሩን ከፈተልን። ወንበር ስላልነበረው አልጋው ላይ አስቀመጠንና ውኃ ቀዳልን። ከሥራ ወጥቶ ነበር፤ የመባ ከረጢቱ በፊቱ ሲያልፍ እጁን ባዶ ማሳየት አሳፍሮት ቀረ።

«ማንም አላየኝም ብዬ ነው» አለን።

ልንክደው አልቻልንም። «እኛ አላየንህም፤ ያዩህ እማማ ናቸው» አልነው። ዝም አለ፤ ከዚያ «እንዴት አወቁኝ?» ብሎ ጠየቀ። ስለ አንጓው ነገርነው። የገዛ ትንሽ ጣቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። አብረን ጸለይን፤ ሥራ የሚያፈላልጉለት ሁለት ወንድሞችም አሉ።

እስካሁን ወደ ጉባኤ አልተመለሰም። ባለፈው እሑድ አስተናጋጁ እንደ ልማዱ ወረቀቱን ሲሰጠን 405 ይላል። አጥፈን ኪሳችን ከተትነውና ወደ እማማ ተመለከትን። መዝሙሩ ተጀምሯል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አውራ ጣታቸው ትንሿ ጣት ላይ ደርሶ ቆሟል።